ለክፍያ ፎቶ ማንሳት ለጀመረ ሰው፦ አዲስ ካሜራ ይቅደም ወይስ ሌላው ዕቃ?

ጥያቄ፦ ከ«አዲስ ፍሬም»

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች። ፎቶግራፍ ማንሳትን በትርፍ ጊዜዬ ጀምሬ፣ ቀጥሎም ለአንድ ባለሙያ በረዳትነት ስሠራ ቆይቼ፣ አሁን በራሴ ኃላፊነት ሥራ መቀበል ጀምሬአለሁ። በቅርቡ የማነሳው አንድ ሰርግ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላም ጥቂት የቤተሰብና የግለሰብ ፎቶ ሥራዎች ይጠብቁኛል።

በእጄ ያለው ባለ24 ሜጋፒክስል ክሮፕ ካሜራ (ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ አነስ ያለ)፣ ከካሜራው ጋር የመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ዙም ሌንስ፣ አንድ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል)፣ እንዲሁም ካሜራው አናት ላይ የሚሰካ አንድ ፍላሽ ነው። ካሜራው የሚቀበለው አንድ ሚሞሪ ካርድ ብቻ ነው። ያጠራቀምሁት ገንዘብ አንድ አዲስ ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ወይም በርካታ አነስተኛ ዕቃዎች ለመግዛት ይበቃል፤ ለሁለቱም ግን አይበቃም። የማውቃቸው ሰዎች አብዛኞቹ ካሜራውን እንዳስቀድም ይመክሩኛል። እኔ ግን በረዳትነት በሠራሁባቸው ቀናት ያየሁት ነገር ምክሩን እንዳልቀበል ያደርገኛል፤ ሥራው ሲጨናነቅ አለቃዬ የሚጠይቀኝ ሙሉ ባትሪ፣ ባዶ ካርድ ወይም የመብራት ማቆሚያ እንጂ የተሻለ ካሜራ አልነበረም።

እናንተ በየዕለቱ የምትተማመኑባቸውና ያለ እነርሱ ሥራ የማትቀበሉባቸው ዕቃዎች የትኞቹ ናቸው? ገንዘቡ የተወሰነ ሲሆንስ የትኛውን ታስቀድማላችሁ? ምክንያቱን ጭምር ብትነግሩኝ ከፍ ያለ ምስጋና አቀርባለሁ።

መልስ፦ ከ«ሁለት ትከሻ»

ያዩት ነገር እውነት ነው፤ በእርሱ ይመሩ። እኔ ሰርግና ስብሰባ በማንሳት የምተዳደር ሰው ነኝ። ለራሱ ደስታ ከሚያነሳ ሰው መሣሪያ የባለሙያን መሣሪያ የሚለየው የካሜራው ደረጃ ሳይሆን ምትክ ያለው መሆኑ ነው። ለደስታው የሚያነሳ ሰው ካሜራው ቢቆምበት በሌላ ቀን ይመለሳል። ሙሽሮቹ ቀለበት ሲለዋወጡ ግን የሚደገም ነገር የለም፤ ደንበኛው የከፈለን ለዚያች ቅጽበት ነውና በዚያች ቅጽበት ሊከዳን የሚችል ዕቃ ሁሉ ተተኪ ሊኖረው ይገባል። ካሜራ፣ ሌንስ፣ ፍላሽ፣ ካርድ፣ ባትሪ፣ ቻርጀር፦ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ብቻውን ከሆነ ሰርግ አልቀበልም።

ስለዚህ ያለዎትን ካሜራ አይሽጡት። በእርሱ ላይ፣ ያሉዎትን ሌንሶች የሚቀበልና ቢቻል አንድ ዓይነት ባትሪ የሚጠቀም ያገለገለ ሁለተኛ ቦዲ (ያለ ሌንስ ካሜራውን ብቻ) ይጨምሩበት፤ ሁለት የካርድ ማስገቢያ ያለው ከሆነ ደግሞ እርሱን ዋና ካሜራ ያድርጉት። ያገለገለ ሲገዙ ከውጫዊ ገጽታው ይልቅ ሹተሩ (ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ይጠይቁ። አምራቾች ሹተሩን የሚፈትሹበት የተወሰነ መጠን አለ፤ ለምሳሌ ካኖን 5ዲ ማርክ 4 የተፈተሸው ለ150,000 ጊዜ፣ ኒኮን ዲ850 ደግሞ ለ200,000 ጊዜ ነው። ቁጥሩ ዋስትናም የሞት ቀጠሮም አይደለም፤ ከዚያ በፊት የሚበላሽ አለ፣ ከዚያ አልፎ ለረጅም ጊዜ የሚያገለግልም አለ። ሆኖም ወደ ጣሪያው የተጠጋን ካሜራ እንደ አዲስ ከፍሎ መግዛት ተገቢ አይደለም።

ሁለት ካሜራ መያዝ ከብልሽት ከማዳኑም በላይ የሥራውን አካሄድ ይለውጠዋል። በአንዱ ሰፊ ሌንስ፣ በሌላው ረዘም ያለ ሌንስ ገጥሜ በሁለት ትከሻዬ አንጠለጥላቸዋለሁ፤ ስለዚህ አዳራሹንና የሙሽራዋን ፊት ለማንሳት መሐል ላይ ሌንስ መንቀል አያስፈልገኝም፤ አቧራ ባለበት ቦታ ሴንሰሩም አይገለጥም። ይህን ሲያደርጉ አንድ ነገር አይርሱ፦ ከሥራው በፊት የሁለቱን ካሜራዎች ሰዓት እስከ ሰከንዱ ድረስ አንድ ያድርጉ። ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን በተነሱበት ሰዓት ስለሚደረድራቸው፣ በአንዱ ካሜራ ላይ ሰዓቱ አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ከቀረ እንግዶቹ ሙሽሮቹ ገና ሳይገቡ ቆመው ሲያጨበጭቡ ይገኛሉ፤ ያንን በእጅ ማስተካከል ረጅም ሌሊት ይወስዳል።

መልስ፦ ከ«ለስላሳ ብርሃን»

ከእኔ በፊት የጻፉት ባለሙያ ስለ ምትክ ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ የግለሰብ ፎቶ በስቱዲዮም በደንበኛ ቤትም የማነሳ ሰው እንደመሆኔ፣ ከሁለተኛው ቦዲ ቀጥሎ የሚመጣው ገንዘብ ሁሉ ወደ ሌንስና ወደ ብርሃን መሄድ አለበት እላለሁ፤ ደንበኛው በፎቶው ላይ የሚያየው የእነዚህን ሥራ ነውና።

ከሌንሱ ልጀምር። ከካሜራው ጋር የሚመጣው ከ18 እስከ 55 ሌንስ ወደ 55 ሲጠጋ አብዛኛውን ጊዜ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ኤፍ 2.8 የሆነ ሌንስ ግን ከእርሱ አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። በተግባር ይህ ማለት በደበዘዘ አዳራሽ ውስጥ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) እስከ 6400 ይወስዱበት የነበረውን ፎቶ በ1600 ያነሱታል ማለት ነው፤ ወይም የሹተሩን ፍጥነት ከሰከንድ 1/50ኛ ወደ 1/200ኛ ያሳድጉና የሚደንስ ሰው እጁ ሳይጠፋ ይቀረጽልዎታል። ብዙ ሰው አዲስ ካሜራ የሚገዛው ይህን ለውጥ ፍለጋ ነው፤ ሌንሱ ግን በርካሽ ያገኝለታል፤ ካሜራው ሲቀየርም ሌንሱ ይቀራል። ያለዎት 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ደግሞ መናቅ የለበትም። 1.5 ክሮፕ ባለው (የሴንሰሩ ስፋት ከፉል ፍሬም 1.5 ጊዜ ባነሰ) ካሜራ ላይ 75 ሚሊ ሜትር የሚያሳየውን ያህል ስፋት ስለሚያሳይ፣ ለግለሰብ ፎቶ የሚመች ርቀት ይሰጥዎታል።

ወደ ብርሃን ስመጣ፣ ያለዎት ፍላሽ አናቱ የሚዞር ከሆነ ዛሬውኑ ብዙ ሊሠራልዎት ይችላል። ፊት ለፊት የተተኮሰ ፍላሽ ግንባሩን ያበራል፣ ከጀርባ ጥቁር ጥላ ይተዋል፣ ፊቱንም ያጠፍጥፈዋል። አናቱን ወደ ላይና በመጠኑ ወደ ጎን፣ ቅርብ ወደሆነ ነጭ ግድግዳ ወይም ጣሪያ ካዞሩት ግን ብርሃኑ ከግድግዳው ሰፍቶ ይመለስና ጉንጭን ከጎን ይዳስሳል፤ አፍንጫው ቅርጹን ያገኛል፤ ጥላውም ጠርዙ ይለሰልሳል። ግድግዳው አረንጓዴ ወይም ቢጫ ከሆነ ቀለሙ ፊት ላይ ስለሚያርፍ አይሞክሩት። ጣሪያው ከፍ ያለና ጥቁር በሆነበት ቦታ ደግሞ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ያን ጊዜ ፍላሹን ከካሜራው አውርዶ ማቆሚያ ላይ መስቀል፣ በሬዲዮ ትሪገር (ፍላሹን ከርቀት በሚያዝ መሣሪያ) መተኮስና የፍላሹን ፊት በጃንጥላ ወይም በሶፍትቦክስ (ብርሃኑን በሚያለሰልስ የጨርቅ ሣጥን) መሸፈን ያስፈልጋል።

በጃንጥላውና በሶፍትቦክሱ ጉዳይ ጀማሪዎች ሲቸገሩ የማየው በርቀቱ ነው። ብርሃን ከምንጩ ሲርቅ በርቀቱ ካሬ ይቀንሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ይሆናል። ስለዚህ ጃንጥላውን ወደ ሰውዬው ማስጠጋት ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፣ ፍላሹም በዝቅተኛ ኃይል እንዲሠራ ያደርጋል፤ ፍላሹ በፍጥነት ይሞላል፣ ባትሪውም ይበረክታል። ማቆሚያውን ግን በአሸዋ ከረጢት አክብዱት። ጃንጥላ የተሰካበት ማቆሚያ ሕፃን ነክቶት ሊወድቅ ይችላል፤ የወደቀበት ሰው ከተጎዳ የፎቶው ማማር ምንም አይረባም።

መልስ፦ ከ«ሦስት ቅጂ»

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ፎቶው እስኪነሳ ድረስ ያለውን ይመለከታል። እኔ ከዚያ በኋላ ስላለው ልናገር፤ የደንበኛ ፎቶ የሚጠፋው በአብዛኛው ከተነሳ በኋላ ነውና።

ካርዱን ከታመነ ሻጭ ይግዙ፤ በታዋቂ ስም የተሠሩ የውሸት ካርዶች በጣም ብዙ ናቸው፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን መጠን የማይዙም አሉ። አዲስ ካርድ በእጅዎ ሲገባ ወደ ሥራ ከመውሰድዎ በፊት እስከ አፉ ሞልተው ፎቶዎቹን መልሰው ይክፈቱ። በካርዱ ላይ ቪ60 ወይም ቪ90 የሚል ምልክት ካዩ በተከታታይ ሲጽፍ በሰከንድ ከ60 ወይም ከ90 ሜጋባይት እንደማያንስ ያመለክታል፤ ለቪዲዮና ለፈጣን ተከታታይ ተኩስ የሚያስፈልገው ይህ ነው እንጂ በትልቁ የተጻፈው የማንበቢያ ፍጥነት አይደለም። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ የተጨመቀ ሮው ፋይል (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፎቶ) ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ስለሚሆን፣ 64 ጊጋባይት ካርድ ሁለት ሺህ ያህል ፎቶ ይይዛል። እኔ ሙሉ ቀኑን በአንድ ትልቅ ካርድ ከማንሳት ይልቅ በየምዕራፉ ካርድ መቀየር እመርጣለሁ፤ በተለይ እንደ እርስዎ ባለ አንድ ማስገቢያ ካሜራ ለሚሠራ ሰው ካርዱ ቢበላሽ የሚጠፋው የቀኑ አንድ ክፍል ብቻ ይሆናል።

ካርዶቹ እንዳይምታቱ ባዶዎቹን በመያዣው ውስጥ ፊታቸውን ወደ ላይ፣ የተሞሉትን ደግሞ ፊታቸውን ወደ ታች አድርጌ አስቀምጣለሁ። መያዣው ከቦርሳው ውስጥ ሳይሆን ዚፕ ካለው ኪሴ ውስጥ ይውላል፤ ቦርሳ ይረሳል፣ ይሰረቃልም። ቤት ስደርስ ከመተኛቴ በፊት ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒውተሩና ወደ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ እገለብጣለሁ፤ ሦስተኛው ቅጂ ደግሞ ከቤቱ ውጭ ባለ ሌላ ቦታ ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ይቀመጣል። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚለው ደንብ የቆየ ነው፤ ሌባንም፣ እሳትንም፣ የዲስክ ብልሽትንም በአንድ ጊዜ ስለሚያስብ እስካሁን የተሻለ አላገኘሁለትም። ሦስቱም ቅጂዎች ተከፍተው እስኪታዩ ድረስ ካርዱን አላጸዳም፤ ሳጸዳውም በኮምፒውተር ሳይሆን በካሜራው ውስጥ ፎርማት አደርገዋለሁ።

ምናልባት ፎቶ በስሕተት ከካርድ ላይ ቢጠፋ ወዲያውኑ ማንሳትዎን ያቁሙና ካርዱን ያውጡት። ካሜራው ሲያጠፋ ብዙውን ጊዜ የሚሰርዘው የፋይሉን አድራሻ እንጂ ፎቶውን ራሱን ስላልሆነ፣ ሌላ ፎቶ በላዩ ካልተጻፈበት በመልሶ ማግኛ ፕሮግራም የመገኘት ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

ምላሽ፦ ከ«አዲስ ፍሬም»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሐሳቤ እየጠራልኝ ነው፤ ፉል ፍሬሙን ለጊዜው ትቼዋለሁ። ሦስት ነገሮች ግን ይቀሩኛል። አንደኛ፣ ፍላሼ በአራት ትንንሽ ባትሪዎች የሚሠራ ሲሆን ከጥቂት ተኩስ በኋላ ለመሙላት ስለሚዘገይ አመቺ ቅጽበት ያመልጠኛል። ሁለተኛ፣ ትራይፖድ በእርግጥ ያስፈልገኛልን? ሦስተኛ፣ ለሥራ በአውሮፕላን መሄድ ቢያስፈልገኝ ባትሪዎቹን እንዴት ልያዝ?

መልስ፦ ከ«ለስላሳ ብርሃን»

የፍላሹ መዘግየት ምንጩ ምናልባት የባትሪው ዓይነት ነው። የሚጣሉት አልካላይን ባትሪዎች 1.5 ቮልት ቢሆኑም ፍላሹ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ሲስብባቸው ይዳከማሉ። እንደገና የሚሞሉት ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪዎች 1.2 ቮልት ብቻ ሆነው ሳለ ውስጣዊ ተቃውሟቸው አነስተኛ ስለሆነ ፍላሹን በበለጠ ፍጥነት ይሞሉታል። አራት አራቱን በአንድ ስብስብ ይያዙ፤ በማይለቅ ቀለም «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» ብለው ምልክት ያድርጉባቸውና አንድ ላይ ሞልተው አንድ ላይ ያውጧቸው። ትኩሱን ከደካማው ጋር ከቀላቀሉ ደካማው ቀድሞ ያልቅና ሌሎቹ እየገፉት ይበላሻል። ፍላሹን በሙሉ ኃይል ደጋግሞ መተኮስ ደግሞ ያግለዋል፤ አይኤስኦውን በአንድ ደረጃ (በእጥፍ) ከፍ ቢያደርጉ ፍላሹ በግማሽ ኃይል ይበቃዋል።

መልስ፦ ከ«ደረቅ ሣጥን»

ስለ ትራይፖዱ እኔ ልመልስ፤ ሕንፃና የምርት ፎቶ ስለማነሳ ያለ እርሱ አልሠራም። እርስዎ ግን በሰርጉ ቀን ብዙም አይፈልጉትም፤ ሰው በሚተራመስበት ቦታ ሦስቱ እግሮቹ መሰናክል ይሆናሉ። የትልቅ ቤተሰብ ፎቶ ሲያነሱ ግን ይጠቅምዎታል፤ ካሜራው ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ተከታታይ ፎቶ ካነሱ፣ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ቢኖር ከሌላው ፎቶ ላይ ፊቱን መተካት ይቻላል። ሲገዙ ከቁመቱ ይልቅ ጽናቱን ይመልከቱ። መሐል ያለው ዘንግ ሳይወጣ ዓይንዎ አካባቢ የሚደርስ ይሁን፤ ዘንጉ ሲወጣ ሁሉም ነገር ይወዛወዛል። ርካሽና ቀጭን ትራይፖድ የገዛ ሰው ሁለተኛ መግዛቱ ስለማይቀር፣ አሁን ገንዘቡ ካልበቃ ቢያቆዩት ይሻላል።

ማንም ያላነሳውና ዋጋው ከሁሉም የሚያንሰው የጽዳትና የማከማቻ ዕቃ ነው። በእጅ የሚጨመቅ የጎማ አየር መንፊያና ንጹሕ የሌንስ ጨርቅ ከቦርሳዬ አይለዩም። ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፦ በመጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ጨርቅ፤ አሸዋው ሳይነፋ ጨርቅ የሚያሳልፍ ሰው ሌንሱን ይፍቃል። በቆርቆሮ የታሸገውን የሚረጭ አየር ወደ ሴንሰር አያቅርቡት፤ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ሊተፋበት ይችላል።

ሌንስ በቆዳ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ በእርጥብ ክፍል ከኖረ በመስተዋቱ ውስጥ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋበታል፤ ሻጋታው ሽፋኑን ከበላው በኋላ ቢጸዳም ምልክቱ ይቀራል። እኔ ሌንሶቼን ክዳኑ አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ እርጥበት ከሚመጥጥ ሲሊካ ጄልና ከትንሽ የእርጥበት መለኪያ ጋር አስቀምጣለሁ፤ መለኪያው ከ40 እስከ 50 በመቶ ሲያሳይ ይበቃኛል። ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሞቃትና እርጥብ ክፍል ሲገቡ ደግሞ ካሜራውን ገና ደጅ ሳሉ በፕላስቲክ ከረጢት ቋጥረው፣ ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪተካከል ድረስ አይክፈቱት። ጠሉ በከረጢቱ ላይ ያርፋል እንጂ በሌንሱ ላይ አያርፍም። ክፍሉ እስኪያስማማው ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚወስድ፣ ካርዱን አስቀድመው ያውጡት።

መልስ፦ ከ«ሁለት ትከሻ»

የቀረውን እኔ ልጨርስ። በእርስዎ ቦታ ብሆን ሁለተኛውን ያገለገለ ቦዲ፣ ለእያንዳንዱ ካሜራ ሁለት ተጨማሪ ባትሪ፣ አነስ ያሉ ጥሩ ካርዶችና አንድ ውጫዊ ዲስክ ከሰርጉ በፊት እገዛለሁ። ኤፍ 2.8 ዙሙን ለዚያ ቀን እከራየዋለሁ፤ ከዚያ ሥራ በኋላ ምን ያህል እንደተጠቀሙበት ያውቃሉና መግዛት አለመግዛቱን ያን ጊዜ ይወስኑ። የተከራዩትን ዕቃ ግን ከሥራው አንድ ቀን በፊት ይቀበሉና በራስዎ ካሜራ ላይ ገጥመው ፎከሱን ይሞክሩ፤ ሲረከቡ የነበረውን ጭረት ሁሉ ከአከራዩ ጋር ሆነው ፎቶ ያንሱት። ሁለተኛውን ፍላሽና የመብራት ማቆሚያውን ከመጀመሪያው ክፍያ ላይ ይጨምሩ።

የአውሮፕላኑን በተመለከተ፣ ትርፍ የሊቲየም ባትሪዎች ወደ ዕቃ መጫኛ በሚገባ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀዱም፤ በእጅ ቦርሳ ከእርስዎ ጋር መሆን አለባቸው፤ ብረት እንዳይነካካቸውም ጫፋቸው በክዳን ወይም በፕላስተር ይሸፈን። በጠቅላላው ደንብ እያንዳንዱ ባትሪ ከ100 ዋት ሰዓት የማይበልጥ ከሆነ ልዩ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ከ100 እስከ 160 ለሆነው የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የሚፈቀደውም ሁለት ትርፍ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነውን በመንገደኛ ዕቃ አይቀበሉትም። የካሜራ ባትሪ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ ለምሳሌ የሶኒ ኤንፒ ኤፍዜድ100 ባትሪ 16.4 ዋት ሰዓት ነው። በባትሪው ላይ ዋት ሰዓቱ ካልተጻፈ ቮልቱን በአምፒር ሰዓቱ ያባዙት፦ 7.2 ቮልት በ2.28 አምፒር ሰዓት ሲባዛ ያንኑ 16.4 ይሰጣል። የትልልቅ የስቱዲዮ ፍላሾችን ባትሪ ግን በግምት አይያዙ፤ ትኬቱን ከመቁረጥዎ በፊት ቁጥሩን አይተው አየር መንገዱን ይጠይቁ፤ ስንት ትርፍ ባትሪ መያዝ እንደሚፈቀድም አብረው ያረጋግጡ።